ሆቴላችን ለአካባቢው ምን ያድርግ? ከደብተር ማከፋፈል ሌላ ሐሳብ ስጡኝ

የዘጌዋ፦

እንደምን ሰነበታችሁ። ባሕር ዳር፣ ከጣና ዳር ባለ አንድ መካከለኛ ሆቴል እሠራለሁ። በእንግዳ ተቀባይነት ከገባሁ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። አሁን የእንግዶች አገልግሎት ኃላፊ ነኝ። ትውልዴ ዘጌ ነው። የሆቴሉን ስም አልጠራም፤ የምጽፈው ማንንም ለመክሰስ አይደለም።

ባለፈው ሰኞ ባለቤቱ ቢሮ አስጠሩኝ። "ዘንድሮ ለማኅበራዊ ኃላፊነት 300 ሺህ ብር መድበናል፤ አንቺ አስተባብሪው" አሉኝ። ከልቤ ደስ አለኝ። በዚህ እንግዳ በጠፋበት ጊዜ እንዲህ ማሰባቸው ቀላል ነገር አይደለም። ከዚያ ዕቅዱን ሰጡኝ። ለአንድ ትምህርት ቤት ደብተርና እስክሪብቶ። በደብተሩ ሽፋን ላይ የሆቴሉ ዓርማ። አንድ ትልቅ ባነር። ካሜራማን። ለሠራተኛው ቲሸርት። ስደምረው ለባነር፣ ለቀረጻና ለቲሸርት የሚወጣው ብቻ ከገንዘቡ ሲሶ በላይ ሆነ።

ደብተር አይጠቅምም አልልም። ለእኔ ደብተር የሚገዛልኝ እናቴ ቡና ሸጣ ነበር። ቡናው ባልያዘበት ዓመት ታላቅ ወንድሜ በተወው ደብተር ባዶ ገጽ ላይ ጽፌ ተምሬያለሁ። ግን ወረቀቱን ይዤ ወደ ጠረጴዛዬ ስመለስ፣ በየቀኑ በእጄ የሚያልፈው ሥራ ሁሉ በሌላ ዓይን ታየኝ።

እንግዳ ወደ ዘጌ ጀልባ ሲፈልግ የምንደውለው እኛ ነን። ዋጋው ላይ የሆቴሉን ድርሻ እንጨምራለን። ለባለጀልባው የምንከፍለው ግን ሒሳብ ክፍል ሲመቸው ነው፤ ሦስት ሳምንት የቆየበት ጊዜ አለ። ወደ ጢስ ዓባይ ለሚሄድ እንግዳ ምሳ በካርቶን አሽገን ከሁለት የፕላስቲክ ውኃ ጋር እንሰጣለን። ቁርስ ላይ የምናቀርበው ቡና ከአዲስ አበባ ተቆልቶና ታሽጎ የሚመጣ ነው። ዘጌ ደግሞ በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ናት! ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ያለው የፍሳሽ ጉድጓድ ክረምት ሲገባ ይሞላል። ሲሞላ ወዴት እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን። ከአጥሩ እስከ ሐይቁ አርባ እርምጃ አይሆንም።

ዘጌን ለማታውቁ ትንሽ ልናገር። የእኛ አገር በበሬ አይታረስም። ከብትም አይረባበትም። ከአቡነ በትረ ማርያም ጀምሮ የቆየ ቃል ኪዳን ነው ብለው ነው አባቶቻችን ያስተማሩን። የሰዉ ኑሮ ቡና፣ ጌሾና ፍራፍሬ ነው። ቡና ጥላ ይወዳል። ስለዚህ ትልልቆቹ ዛፎች እስከ ዛሬ ቆሙ። እንግዳው ከጀልባ ወርዶ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ሲወጣ የሚያልፍበት ጥላ፣ ጦጣው የሚዘልበት ቅርንጫፍ፣ ያ ሁሉ የቆመው በቡናውና በሥርዓቱ ነው። ታዲያ ቡናው ዋጋ ሲያጣ ሰው ምን ይሸጣል? እንጨት ይሸጣል። አክስቴ ወገቧ የጎበጠው ለባሕር ዳር ገበያ ማገዶ ስትሸከም ነው። እንግዳው ሊያየው የመጣው ደን በእናቶቻችን ጀርባ ተጭኖ ከተማ ይገባል።

በሆቴላችን መግቢያ ግድግዳ ላይ የኡራ ኪዳነ ምሕረት ሥዕሎች ፎቶ በትልቁ ተሰቅሏል። በእሱ ነው እንግዳ የምንጠራው። ከዘጌ ግን አንድ ኪሎ ቡና ገዝተን አናውቅም። ይህ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ።

ጥያቄዬ ይኸው ነው። የድርጅት ማኅበራዊ ኃላፊነት የሚባለው በዓመት አንድ ቀን የሚሰጥ ስጦታ ነው? ወይስ በየቀኑ የምንሠራው ሥራ ራሱ? ባለቤቱን ባስረዳቸው ክፉ ሰው አይደሉም፤ ይሰማሉ። ግን ከየት ልጀምር? እናንተ ብትሆኑ 300 ሺህ ብሩን በምን ላይ ታውሉታላችሁ?

የጣና ባለጀልባ፦

እትዓለም፣ የክፍያውን ነገር ስላነሳሽው እግዜር ይስጥሽ። እኛ ብናወራው በማግስቱ ስልክ የሚደውልልን ሆቴል አናገኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤንዚን በእጅ በእጅ ነው የሚገዛው። ማደያ ሲጠፋ ደግሞ በውድ ከውጭ እንገዛለን። ሆቴሉ ሦስት ሳምንት ሲያቆየኝ ለነገው ጉዞ ነዳጅ መግዣ አጣለሁ። ተበድሬ እገዛለሁ። ወለዱን ስከፍል ከጉዞው የሚተርፈኝ የለም። ከዚያ ምን ላይ እቆጥባለሁ? ሞተር ጥገና ላይ፣ የነፍስ አድን ጃኬት መቀየር ላይ። ስለዚህ የክፍያው መዘግየት የእኔ ጣጣ ብቻ አይደለም። የእንግዳው ደህንነትም ነው።

ሌላው ጥድፊያው ነው። በግማሽ ቀን ዘጌን፣ ደብረ ማርያምንና ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበትን ጉማሬ የሚታይበት ቦታ ጨርስ ይሉናል። እንነዳለን። ሞተሩ የሚያነሳው ማዕበል የደንገል ታንኳ ይዘው ዓሣ የሚያጠምዱትን ሰዎች ያናውጣል። እነሱ ከእኛ በፊት እዚህ ሐይቅ ላይ የነበሩ ናቸው። ታንኳ መሥራት ከወይጦ አባቶቻችን የወረስነው ጥበብ ነው። እንግዳውም ታንኳውን ፎቶ ማንሳት ይፈልጋል፤ ግን ቆመን የምናሳይበት ጊዜ አይሰጠንም።

እኔም ያጠፋሁት አለ። የሞተር ዘይት ስቀይር የተቃጠለውን ዳር ላይ ያፈሰስኩባቸው ዓመታት አሉ። ማንም ምንም አላለኝም። አሁን በጀሪካን አጠራቅማለሁ፤ ግን የሚረከበኝ የለም። ከ300 ሺሁ ላይ ለማኅበራችን ሁለት በርሜልና ዘይቱን ማስነሻ ገንዘብ ቢገኝ ለሐይቁ ከባነር ይሻለዋል። ክፍያውን በዚያው ቀን ማድረግ ግን ምንም በጀት አይፈልግም። መወሰን ብቻ ነው።

ባለሒሳቡ፦

ይቅርታ፣ እኔ ትንሽ እለያለሁ። በሆቴል ሒሳብ ክፍል ዐሥር ዓመት ሠርቻለሁ። ሆቴል ግብር ይከፍላል፣ ደመወዝ ይከፍላል፣ የባንክ ዕዳ ይከፍላል። መንገድ፣ ፍሳሽ፣ ደን፣ ትምህርት ቤት የመንግሥት ሥራ ነው። ሁሉን በሆቴል ላይ ስንጭን ሆቴሉ ይዘጋል። መጀመሪያ ኮሮና፣ ከዚያ ጦርነቱና የጸጥታው ችግር፣ ስንቱን እንዳዘጋው አይተናል። እንግዳ በሌለበት ወር አርባ ሠራተኛ ይዞ መቆየት ራሱ ትልቅ ማኅበራዊ ኃላፊነት ነው። ስለእሱ ግን ባነር የሚሰቅል የለም።

ባለቤቱ 300 ሺህ አወጣለሁ ካሉ አመስግኚያቸውና ደብተሩን አከፋፍይ። ነገ ሐሳባቸውን እንዳይቀይሩ።

የዘጌዋ፦

ወንድሜ፣ ስለ ሠራተኛው ያልከው እውነት ነው። አልከራከርህም። በባሰው ጊዜ እኛ 11 ሰው ያለ ደመወዝ ፈቃድ አስወጥተናል። ዝርዝሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከእነሱ ውስጥ ሁለቱ አልጋ አንጣፊዎች የሦስት ልጆች እናት ነበሩ። አንዷ አሁን መናኸሪያ አካባቢ ቆሎ ትሸጣለች። ሳልፍ ሰላም ትለኛለች። ከዚያ በላይ መናገር አልችልም።

ግን የመንግሥት ሥራ ነው ባልከው አልስማማም። ጉድጓዱ የእኛ ነው። የሚሞላው በእኛ እንግዳና በእኛ ልብስ ማጠቢያ ነው። ምሳውን የሚያሽገው የእኛ ወጥ ቤት ነው። የጀልባውን ገንዘብ የያዘው የእኛ ካዝና ነው። መንገድ ሥሩ አላልኩም።

የጢስ ዓባይ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጢስ ዓባይ ከተማ ተወልጄ ፏፏቴው ላይ አስጎብኚ ነኝ። ስለ ምሳው ካርቶን ሳነብ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነን። መኪናው ጠዋት ይመጣል። እንግዳው የአላታን ድልድይ ተሻግሮ ኮረብታውን ይወጣል። ያ ድልድይ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራ ነው፤ እስከ ዛሬ ገበሬው ከነአህያው ይሻገርበታል። ፏፏቴውን አይቶ በተንጠልጣዩ ድልድይ ዞሮ ይመለሳል። ከዚያ ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ ከሆቴል የመጣለትን ሳንድዊች ይበላል። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ መኪናው ተነሥቶ ይሄዳል። ለከተማችን የሚተርፈው ካርቶኑና የውኃ ጠርሙሱ ነው። "የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው" ሲባል እኔ ሁልጊዜ የሚታየኝ ይህ ነው። አገሩ በእንግዳ እየተጎበኘ ሻይ የሚያፈላ ሰው ሥራ ያጣል።

እዚህ ሽሮ የምትሠራ፣ እንጀራዋ ዓይናማ የሆነ፣ ቤቷን አጥባ ቄጠማ ጎዝጉዛ የምትጠብቅ እናት ሞልታለች። እንግዳው ደግሞ ይህን ነው የሚፈልገው። አንድ ጊዜ ሁለት ጀርመኖች ሳንድዊቹን ለልጆች ሰጥተው እናቴ ቤት ሽሮ በሉ። ሲሄዱ ከፏፏቴው በላይ የወደዱት ያን ምሳ እንደሆነ ነገሩኝ። ፊታቸው ላይም ይታይ ነበር። የሚያሳስበው ንጽሕና ነው። እሱን አልክድም። የተጣራ ውኃ፣ የእጅ መታጠቢያ፣ ንጹሕ መጸዳጃ ያስፈልጋል። የሆቴሉ ወጥ ቤት ኃላፊ ሁለት ቀን መጥቶ ቢያሠለጥን ግን የሚፈታ ነገር ነው። ገንዘቡም ብዙ አይደለም።

ሌላ አንድ ነገር ልጨምር። እባካችሁ ሆቴሎች ለእንግዳው እውነቱን ንገሩት። የድሮዋ አንድ ብር ኖት ጀርባ ላይ የነበረው የእኛ ፏፏቴ ነው። ሁሉም ያን ሞልቶ የሚወርደውን ውኃ አስቦ ይመጣል። ክረምቱ ሲያበቃ፣ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት፣ እንደዚያ ነው፤ ወደ 400 ሜትር ስፋት ይዞ ሲወርድ ጢሱ ከሩቅ ይታያል። በበጋ ግን ሌላ ነው። ከፏፏቴው በላይ ያለው ውኃ ለመብራት ይጠለፋል። የመጀመሪያው ማመንጫ በ1956 ዓ.ም.፣ ሁለተኛው በ1993 ዓ.ም. ተሠሩ። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ የጣና በለስ ማመንጫ ሥራ ጀመረ፤ እሱ ውኃውን ከሐይቁ በዋሻ ወደ በለስ ስለሚወስደው ያ ውኃ ወደ እኛ አይመጣም። መብራቱ ለአገር ያስፈልጋል፤ አልቃወምም። ግን ሆቴሉ በመጋቢት ወር የመስከረሙን ፎቶ አሳይቶ እንግዳ ሲልክልኝ፣ ያ ሰው ቀጭን ውኃ አይቶ የሚቆጣው በእኔ ላይ ነው። "አታለልከኝ" ያለኝ አለ። ያታለልኩት እኔ አልነበርኩም።

በበጋ ለሚመጣ እንግዳ ሌላ የምናሳየው ነገር አለን። ድልድዩ አለ፤ ገደሉ፣ ወፉ፣ የገበሬው ቤት፣ ገበያው አለ። ቀድሞ ካወቀ ተደስቶ ይሄዳል። ይህም ኃላፊነት ነው። አንድ ብር አይጠይቅም።

ጡረተኛው መምህር ከማርቆስ፦

ልጄ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ተባረኪ።

ሠላሳ አንድ ዓመት አስተምሬያለሁ፤ አብዛኛውን በምሥራቅ ጎጃም ገጠር። አንድ ዓመት መስከረም ላይ ሦስት ድርጅቶች ተከታትለው ለአንድ ትምህርት ቤት ደብተር አመጡልን። ሦስቱም ባነር ነበራቸው። ልጆቹ ሦስት ጊዜ ተሰልፈው ሦስት ጊዜ አጨበጨቡ። በዚያው ዓመት የሴት ልጆች መጸዳጃ በር አልነበረውም። ስድስተኛና ሰባተኛ ክፍል የደረሱት ልጆች በወር ሦስት አራት ቀን ይቀሩ ነበር። አንድም ድርጅት "ምን ቸገራችሁ?" ብሎ አልጠየቀኝም። ቢጠይቁኝ በሩን እነግራቸው ነበር። አናጢ ጠርቶ በአንድ ቀን የሚያልቅ ሥራ ነበር።

አገራችን "ለማያውቁሽ ታጠኝ" ይላል። ባነሩ ከሩቅ ላለ ሰው የሚታጠኑት ዕጣን ነው። ጎረቤት ግን ጉድጓዱን ያውቀዋል፤ ክረምት ክረምት ይሸተዋል።

ወደ ጮቄ ደርሰሽ ታውቂ እንደሆነ እንጃ። ተራራው ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ብዙ የዓባይ ገባሮች ከዚያ ይነሣሉ። ጅብራ የሚባለው ረጅም ተክል እንደ ሰው ቆሞ ጭጋግ ውስጥ ሲታይ ልብ ይነካል። በ2015 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት የጮቄን መንደር ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ጋር መዝግቦታል። እዚያ እንግዳ የሚያድረው ከገበሬው ጎን ነው። የሚበላው የጎረቤቱን ገብስና ድንች ነው። ታዲያ ገበሬው የተራራውን ሣርና ቁጥቋጦ፣ ጓሳውንና አስታውን፣ አልቆርጥም የሚለው ስብሰባ ላይ ስለተመከረ ብቻ አይደለም። ቆሞ ሲታይ እንደሚያበላው ስላየ ነው። የእናንተም የዘጌ ቡና ያው ነው። ቡናውን ግዢ፤ ዛፉ ራሱን ይጠብቃል።

የቱሪዝም ተማሪ፦

ጋሼ ካሉት ላይ አጭር ነገር ልጨምር፤ ባለቤቱን ለማስረዳት ይረዳሽ እንደሆነ። አርቺ ካሮል የሚባል አሜሪካዊ ምሁር በ1991 እ.ኤ.አ. የድርጅት ኃላፊነትን በፒራሚድ መልክ አስቀምጦታል። ታች መሠረቱ አትራፊ ሆኖ መቆም ነው። ከዚያ ሕግ ማክበር። ከዚያ ሕግ ባያስገድድም ትክክል የሆነውን ማድረግ። ስጦታ ጫፉ ላይ ነው። እኛ አገር ብዙ ጊዜ ከጫፉ እንጀምራለን። ባለሒሳቡ ያለው መሠረቱን ነው፤ ልክ ነው። አንቺ ያልሽው ደግሞ መካከሉን ነው። ሁለታችሁም የምታወሩት ስለ አንድ ቤት ነው።

ዓለም አቀፉ የዘላቂ ቱሪዝም ምክር ቤት ለሆቴሎች ያወጣው መስፈርትም አለ። ከአካባቢው ሰው ትቀጥራለህ ወይ? ከአካባቢው ትገዛለህ ወይ? ፍሳሽህን እንዴት ታስወግዳለህ? ማስታወቂያህ እውነት ነው ወይ? ይላል። የጢስ ዓባዩ ወንድማችን ስለ ፎቶው ያነሣው እዚያ ውስጥ አለ።

ስለ ጉድጓዱ ግን አጥብቄ የምናገረው አለኝ። እምቦጭ ጣና ላይ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ነው መታየቱ የታወቀው። ይህ አረም ናይትሮጅንና ፎስፈረስ የበዛበት ውኃ ይወዳል፤ ሲመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል። የሽንት ቤትና የሳሙና ፍሳሽ ይህንኑ ምግብ ነው የሚሰጠው። እምቦጭን ሆቴሎች አመጡት አልልም። ከእርሻው በጎርፍ የሚታጠበው አፈርና ማዳበሪያ ከባድ ድርሻ አለው፤ አረሙ በጣም የከፋውም በደምቢያና በፎገራ በኩል ነው። ግን በአንድ እጅ እምቦጭ ለመንቀል ሠራተኛ አሰልፈን በሌላ እጅ ጉድጓድ መልቀቅ አይሆንም። ጣና ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ክልል ነው። ጥልቀቱ ደግሞ ከስፋቱ ጋር ሲተያይ በጣም ትንሽ ነው፤ በጥልቁ ቦታ እንኳ ወደ 14 ሜትር ነው። የገባበት ነገር ቶሎ ይሰማዋል።

የዘጌዋ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ከባለቤቱ ጋር ተነጋግሬ ስለመጣሁ የሆነውን ልንገራችሁ።

ስብሰባው ላይ ስለ ኃላፊነት አልሰበክሁም። የሦስት ወር ደረሰኝ ይዤ ገባሁ። ወደ ጢስ ዓባይ የታሸገው ምሳ 140 ካርቶን ነው፤ 280 የፕላስቲክ ጠርሙስ። ለጀልባ ያልከፈልነው ዕዳ የአራት ባለጀልባ ነው፤ ትልቁ 26 ቀን ሆኖታል። የቡና ወጪያችንን በኪሎ አወጣሁ። ከእናቴ ጎረቤቶች የጠየቅሁትን ዋጋ ጎኑ አስቀመጥሁ፤ ማጓጓዣው ተጨምሮበትም ከምንገዛው ይቀንሳል። እንግዶች የሰጡትን አስተያየት መዝገብም አሳየኋቸው። ሦስት ሰዎች "ፏፏቴው እንደ ፎቶው አይደለም" ብለው ጽፈዋል። አንዷ "ቡናው ከየት ነው?" ብላ ጠይቃ መልስ አላገኘችም።

ባለቤቱ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ መጀመሪያ የጠየቁኝ "ባለጀልባው 26 ቀን ለምን ቆየ?" ነው። አያውቁም ነበር። ሒሳብ ክፍል ተጠራ። ከዛሬ ጀምሮ የጀልባ ክፍያ እንግዳው በከፈለበት ቀን እንዲሆን በጽሑፍ ታዘዘ። የቆየው ዕዳም ዛሬ ተከፍሏል። የጣና ባለጀልባ ወንድሜ፣ አንተ ከእነዚያ አንዱ ከሆንክ ይቅርታ።

ቡናው ተስማሙ። በወር 20 ኪሎ ከዘጌ እንገዛለን፤ ለሙከራ ስድስት ወር። እኔ የፈለግሁት ከሴቶቹ በቀጥታ እንዲሆን ነበር። እሳቸው ደረሰኝ ያስፈልገኛል አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ሴቶቹ በማኅበር ሆነው የሚሸጡበትን መንገድ አጠይቃለሁ። ጠረጴዛው ላይ ቡናው ከየት እንደመጣ የሚናገር ትንሽ ወረቀት እናስቀምጣለን፤ የደኑን ነገር እዚያ እጽፈዋለሁ። የጢስ ዓባይ ፏፏቴንም ፎቶ በሁለት እንተካዋለን፤ አንዱ የመስከረም፣ አንዱ የመጋቢት፤ ወሩ ከሥሩ ይጻፍበታል።

ጉድጓዱ ላይ ግን ተቃወሙኝ። በትክክል ለማሠራት 300 ሺህ ብር ምኑንም አይነካው አሉ። ልክ ናቸው፤ አይነካውም። ቢያንስ ከሰኔ እስከ መስከረም ጉድጓዱ ሳይሞላ የፍሳሽ መኪና በየሦስት ሳምንቱ እንዲመጣ ጠየቅሁ። ከ300 ሺሁ ላይ ለዚያ ይመደብ አልኩ። "ይህ እኮ ወጪ ነው እንጂ ስጦታ አይደለም" አሉኝ። እኔም "ጌታዬ፣ ለሐይቁ ያለብን ዕዳ ነው" አልኳቸው። እስከ ዓርብ አስብበታለሁ ብለዋል። ባለሙያ ጠርቼ የአዲሱን ጉድጓድ ዋጋ እንዳስገምት ግን ፈቅደዋል። ከዚህ ዓመት ባይሆን ለሚቀጥለው ዓመት በጀት እንዲገባ አልተውም።

ደብተሩም አልቀረም። ቲሸርቱና ባነሩ ቀሩ። ዓርማውም ከሽፋኑ ላይ ወጣ፤ ይህን ለማስወጣት ብዙ ተከራክሬያለሁ። መምህር፣ የእርስዎን ታሪክ አነበብኩላቸው። ትምህርት ቤቱ ሄጄ የሚያስፈልገውን ጠይቄ እንድመጣ አዘዙኝ። ከሄድኩ የመጀመሪያው ጥያቄዬ ስለ በሩ ይሆናል።

የሠራተኛውን ነገር አላነሣሁም። ድፍረቱ አልነበረኝም። እንግዳ ሲመለስ መጀመሪያ የሚጠሩት እነዚያ 11 ሰዎች እንዲሆኑ በጽሑፍ እንዲገባ እፈልጋለሁ። ዝርዝሩ አሁንም በእኔ እጅ ነው። ባለሒሳቡ ወንድሜ፣ በዚህ ላይ ሐሳብ ካለህ ጻፍልኝ፤ አንተ የምታውቀው ነገር አለ።

የጢስ ዓባይ ልጅ፣ ሐሙስ ጠዋት ከወጥ ቤት ኃላፊያችን ጋር እንመጣለን። የመጀመሪያዎቹ ስድስት እንግዶች ቅዳሜ ናቸው። ሁለቱ ጾመኞች ናቸው፤ አንዷ በርበሬ አትችልም። እናትህን ጠይቅልኝ፤ አልጫ ሽሮ ትሠራ ይሆን?